ባንዲራውን ማን ያዘ

ክላይድ ሃሮፕ በሰባ ሰባት ዓመቱ፣ ሁለቱም ጉልበቶቹ በብረት ከተተኩ በኋላ፣ እንደገና ጥጥ ሊዘራ ነው ሲባል በኦርድ ወንዝ ሸለቆ ያልሳቀ ገበሬ የለም። ሚስቱ ቤሪል ግን አልሳቀችም። ወሬውን ክላይድ የነገራት ቁርስ ላይ ነው፤ ዳቦው ላይ ማርማላታ እየቀባ፣ የጎረቤት ጉዳይ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ።

«ተከራዮቹ የሰንደል ዛፉን ነቅለው መሬቱን መልሰውልናል። ባዶውን ከሚተኛ ጥጥ ይግባበት ብያለሁ» አላት።

«ጥጥ» አለች ቤሪል።

«አዲሱን ዘር ነው የምልሽ። ትሉን ራሱ ተክሉ ነው የሚገድለው። ቅጠሉን አንዴ ከቀመሰ በቃ፣ አንጀቱ ይበጠስና ይሞታል። ለትሉ ብሎ መርጨት ቀረ።»

«ስንት ዓመታችን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ክላይድ?»

«በእጄ አይደለም እኮ የምዘራው። በማሽን ነው።»

ክርክሩ በዚሁ አለቀ። ክላይድ አንድ ነገር በልቡ ከያዘ ክርክሩ ሁልጊዜ በዚሁ ያልቃል።

ክላይድና ታናሽ ወንድሙ ኮሊን ወደዚህ ወደ አገሩ ሰሜን የመጡት ግድቡ ገና አዲስ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ጥቁሩ አፈር እየተሸነሸነ ጥጥ አበቅላለሁ ላለ ሁሉ ይሰጥ ነበር። ቤሪል በሃያ አንድ ዓመቷ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የቤቱ ጣሪያ ምስማር እየተመታበት ነበር። የመጀመሪያው ጥጥ ሲፈነዳ በረንዳው ላይ ቆመው አዩት፤ እስከ ኮረብታው ሥር ድረስ ነጭ ነው። ክላይድ ትከሻዋን አቅፎ «እንግዲህ ኑሮ ተጀመረ» አላት። እሱም አምኖት ነበር፣ እሷም።

ከዚያ ጓይ ትሉ መጣ። እንቡጡን ይበሳል፣ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ከውጭ ደህና የሚመስለውን ሲሰብሩት ውስጡ ገለባ ነው። ዲዲቲ ረጩበት። መጀመሪያ በወር አንዴ ነበር፤ ቀጥሎ በሳምንት፤ በመጨረሻ አውሮፕላኑ አንዱን ማሳ ሳይጨርስ ያለፈው ማሳ ተራው ደርሶ ይጠብቀው ጀመር። ትሉ ግን መድኃኒቱን ለመደው። እንደ ጠበል ይጠመቅበትና ደረቱን ነፍቶ ይበላል። ጥቂት ዓመት ከታገሉ በኋላ ገበሬው ሁሉ ጥጡን ገልብጦ አርሶ፣ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ክላይድ ብቻ ቀረ። ማሽላ ዘራ፣ ሐብሐብ ዘራ፣ ማንጎ ተከለ፤ ኋላም መሬቱን ለሰንደል ዛፍ ተካዮች አከራየ። ጥጥ የሚለውን ቃል ግን ጥላው የሄደች ልጅ ስም እንደሚጠራ ሰው ነበር የሚጠራው።

ያኔ አውሮፕላኑ የቱን ረድፍ እንደረጨ እንዲያውቅ ከማሳው ጫፍ ሰው ይቆምለት ነበር። ሰውየው ረጅም ዘንግ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ ይይዛል፤ ባንዲራ ይሉታል። አብራሪው ባንዲራውን አነጣጥሮ ይመጣል፣ ከሰውየው ራስ በላይ ያልፋል፣ ባንዲራ ያዡ ጥቂት ረድፍ ተሻግሮ እንደገና ይቆማል። ሮጦ ካልተሻገረ ፍንጣቂው ያገኘዋል። ሮጦም ቢሻገር ያገኘዋል።

ኮሊን ማዕድን ሥራ አግኝቶ ከሄደ በኋላ ያን ባንዲራ የያዘችው ቤሪል ናት። ነፋስ ሳይነሳ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል። ፀጉሯ ይረጥባል፣ ከንፈሯን ይመራታል፣ ቀሚሷ ታጥቦ ደርቆ እንኳ ይሸታል። በዚያ ዓመት እርጉዝ ነበረች። ሆዷ ገፍቶ ሩጫው ሲያቅታትም ቆመች፤ ሌላ ሰው አልነበረማ። ሕፃኑ ቀኑ ሳይደርስ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ነርሷ በፎጣ ጠቅልላ ይዛው ወጣች፤ ወዴት ተብሎ የሚጠየቅበት ዘመን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ፀነሰች፣ አልረጋላትም። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ቀረ። ከመድኃኒቱ ነው ያላት ሐኪም የለም። ከመድኃኒቱ አይደለም ያላትም የለም።

ስለዚህ ነገር ከክላይድ ጋር አፍ አውጥተው ተነጋግረው አያውቁም። ዝምታው ግን የሁለታቸው ይመስላት ነበር። እሱም እንደሷ እያስታወሰ፣ እንደሷ እየዋጠው የሚኖር ይመስላት ነበር። አብረው ተሸክመውት እስካሉ ድረስ መናገሩ ምን ያደርጋል ብላ ሃምሳ ዓመት ኖረች።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጥጡ ተዘራ። ማሳውን የምትከታተለው ብራዮኒ የምትባል ከደቡብ የመጣች ወጣት የእርሻ ባለሙያ ናት፤ ፊቷ በፀሐይ የተላጠ፣ ሳቅ የማያልቅባት ልጅ። በሳምንት ሁለት ጊዜ መጥታ ረድፉን ስትዞር ቤሪልም ባርኔጣዋን አድርጋ ትከተላታለች። አላመነችም። የዚያን ትል ጠባይ ታውቀዋለች።

«ይኸውልሽ» አለች ብራዮኒ አንድ ቅጠል ገልብጣ። «ዛሬ ጠዋት የተፈለፈለ ነው። ነክሷል፣ አየሽ የነከሰበትን? ሞቷል።»

ቤሪል መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችው። እንደ ክር ቁራጭ ነው።

«ሌላ አሳይኝ።»

«ይኸው። ይኸም ሞቷል።»

«ተኝቶ እንዳይሆን።»

ብራዮኒ ሳቀች። «አይነሳም ቤሪል። አብቅቶለታል።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እዚህ አገር ስንቱን ቤት ያፈረሰ ትል እግሯ ሥር ሞቶ ሲረግፍ ደስ የማይለው ማን አለ? እሷ ግን ባየች ቁጥር ደረቷ ላይ አንድ ነገር ይቀመጥባታል። ይህን ያህል ቀላል ነበር? አንዲት ፍሬ መሬት ውስጥ ቀብሮ መተው ብቻ? በማን እንደምትናደድ አታውቅም። ዘሩን በሠሩት ሰዎች ትናደድ? ምነው ዘገያችሁ ብላ? ያን ጊዜ እነሱም አልተወለዱም ይሆናል። ስለዚህ ዝም ብላ ቅጠል ትገለብጣለች።

የአዲሱ ዘር ደንብ ከማሳው ጥግ ላይ የርግብ አተር መዝራት ግድ ይላል። ክላይድ መጀመሪያ ሲሰማ ሊገባው አልቻለም።

«ለማን ነው አተሩ?»

«ለትሉ» አለችው ብራዮኒ። «እዚያ መርጨት ክልክል ነው፣ መግደልም ክልክል ነው። ደህናው ትል ይርባበት። ጥጡ ውስጥ ድንገት የማይሞት አንድ ሁለት ቢገኝ፣ የእሳት እራት ሆኖ ሲወጣ የሚያገኛት ሚስት ከአተሩ የመጣች ትሆናለች። ልጆቻቸው ጥጡን ሲበሉ ይሞታሉ። ያለዚያ የማይሞተው ከማይሞተው ይጋባና ያንተ የድሮ ታሪክ ይደገማል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስገድለው ኖሬ አሁን ርስት ልቁረጥለት?» አለ ክላይድ። ወደ ቤሪል ዞሮ፣ እንደ ልማዱ ስሟን አቆላምጦ፣ «ቤዝ፣ አተሩ ያንቺ ነው። እኔ ከትል ጋር ጉርብትና አልችልም።»

አተሩ የቤሪል ሆነ። ውሃ ትለቅለታለች፣ አረሙን ትነቅላለች፣ ቢጫ አበባው እንዳይቋረጥ ትጠብቃለች። ትሎቹ እዚያ ወፍራም ናቸው፣ አረንጓዴም ቡናማም፣ እሸቱን ቦርቡረው ግማሽ አካላቸው ውጭ ሆኖ ይበላሉ። የድሮ ጠላቶቿ ናቸው። ቢሆንም ስታያቸው ቂም አልመጣባትም።

ጥጡ ወገቧ ላይ ደረሰ፣ አበበ፣ ፍሬ ያዘ። ፍሬውን ሰብራ አየችው። ውስጡ ሙሉ ነው። ሰማይ ከሚያህለው ማሳ ላይ አንዲት ፍሬ እንኳ የበሳ ትል ጠፋ። ክላይድ ዕድሜው በአሥር ዓመት የቀነሰ መሰለ። ጠዋት ጠዋት ምርኩዙን ረስቶ ይወጣ ጀመር።

ዝናብ በሌለበት በቀዝቃዛው ወር የአካባቢው ገበሬዎች ማሳውን ሊያዩ መጡ። እነዚያው የሳቁበት ሰዎች ናቸው። መኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር የሥጋ መጥበሻ ተለኮሰ፣ ቋሊማ ተደረደረ፣ ቢራ በበረዶ መጣ። ቤሪል ጠረጴዛው ጋ ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች ዳቦ ታቀርባለች። ክላይድ ሰዎቹ መሃል ሆኖ የድሮውን ያወራል። ወሬ ይችልበታል።

«ታናሽ ወንድሜ ኮሊን» አለ፣ «ባንዲራውን ይዞ እዚያ ጫፍ ላይ ይቆማል። አብራሪያችን ስታን ደግሞ ጠዋት ሳይቀማምስ አይነሳም። አንድ ቀን ዝቅ ብሎ መጣላችሁና የኮሊንን ባርኔጣ በጎማው መንጭቆ ወሰደው። ኮሊን ሆዬ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው በመድኃኒት ወተት መስሎ፣ ባርኔጣዬን መልስ እያለ አውሮፕላን ያሳድዳል።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«አልሞተም?» አለ አንድ ወጣት ገበሬ።

«ማን፣ ኮሊን? ከኔ የበለጠ ቢራ ይጠጣል። ያን ጊዜ ሰው ጠንካራ ነበር፣ ጌታዬ።»

ቤሪል ቢላዋውን አስቀመጠች። ባርኔጣው የሷ ነበር። እናቷ የላከችላት፣ ዙሪያው ሰማያዊ ጥብጣብ ያለው የገለባ ባርኔጣ። ስታንም ያን ቀን አልጠጣም ነበር፤ ማታውን መጥቶ «ትንሽ ዝቅ ብዬ ቢሆን ኖሮ» እያለ ፊቷ አልቅሷል።

«ባርኔጣው የኔ ነው» አለች።

«ምን አልሽ፣ ቤዝ?»

«ባርኔጣው የኔ ነበር። ባንዲራውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ሰዎቹ ቀልድ ሊመጣ ነው ብለው ፈገግ እንዳሉ ወደሷ ዞሩ። ክላይድ ከልቡ ሳቀ። «አንቺማ ቤት ሆነሽ ኬክ ትጋግሪልን ነበር። እንዴት ያለ ኬክ መሰላችሁ። አሁን ነው እጇ የተበላሸው።»

እንደገና ተሳቀ። ቤሪል የባሏን ፊት ፈለገች። አንዲት ጥቅሻ፣ አንዲት የዓይን መስበር፣ በሰው ፊት አይሆንም የምትል ነገር። ምንም የለም። ፊቱ ንጹሕ ነው። የሚያወራውን ያምነዋል።

በማግስቱ ሻይ ላይ እንደገና አነሳችው።

«የትናንቱ የባንዲራ ነገር፣ ክላይድ።»

«ወደዱት አይደል?»

«ኮሊን የመጨረሻውን ዓመት እዚህ አልነበረም።»

«ነበር እንጂ። ማን ያዘልኝ ታዲያ?»

«እኔ።»

ክላይድ ሲኒውን አስቀምጦ እንደ ሕፃን አያት። ክፋት የለበትም። «አንቺ ያን ሽታ መች ትችይ ነበር፣ ቤዝ። አውሮፕላኑ ሲነሳ መስኮት ትዘጊ ነበር። ኧረ ተይ፣ ዕድሜ ነው። እኔም አንዳንዴ የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ አገኘዋለሁ።»

ያን ቀን ሙሉ እጇን ስታይ ዋለች። ሰው የራሱን ዕድሜ ያለ ምስክር ይዞ ሲቀር እንደዚህ ነው። ስታን ሞቷል፣ ጎረቤቶቹ ተበታትነዋል፣ ነርሷም በሕይወት አትኖርም። እኔ ይሆን የተሳሳትኩት ብላ አሰበች። ሌላ ሴት ቆማ ያየሁትን ለራሴ ያደረግኩት ይሆን? ግን የከንፈሯ ምሬት አለ። እሱን ከየት ታመጣዋለች?

ኮሊን በደቡብ፣ ባሕር ዳር ካለች ከተማ፣ ከልጁ ጋር ይኖራል። ክላይድ ወደ ማሳ ሲወጣ ደወለችለት።

«ኮሊን፣ ቤሪል ነኝ።»

«ሞተ እንዴ?»

«ማን?»

«ክላይድ ነዋ። አንቺ ደውለሽልኝ ታውቂያለሽ?»

«አልሞተም። ጥጥ አብቅሏል።»

«እሱማ ልጄ በስልኳ አሳየችኝ። ይኸ አሮጌ ሰይጣን፣ ለካ እስካሁን ሲጠብቀው ኖሯል።» ሳል ያዘው፤ እስኪለቀው ጠበቀችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባንዲራውን የያዘው ማን ነበር?»

«መቼ?»

«የመጨረሻውን ዓመት።»

ከኮሊን ጀርባ ቴሌቪዥን ይሰማል። «የመጨረሻውንማ አንቺ ነሽ» አለ። «እኔ ማዕድን ሥራ ሄጄ የለም እንዴ። ለፋሲካ ስመጣ አየሁሽ፣ ሆድሽ እስከዚህ ደርሶ። ክላይድን ነገርኩት። ይህችን ልጅ ከዚያ አውጣት አልኩት። ማን ይይዝልኛል፣ አንተ ትይዝልኛለህ? አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምንም። በነጋታው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።»

ቤሪል የስልኩን እጀታ ወደ ሌላ ጆሮዋ አዞረች።

«አሁን አንተ ነህ የያዝከው ይላል። ለሰው ሁሉ ያወራል።»

«ይበል። እኔ አልከፋም።» አስከትሎም «ተይው በቃ፣ እህቴ። ስንት ቀን ቀርቶን ነው» አላት።

እውነቱን ካወቀች ይቀልላታል ብላ ነበር የደወለችው። ስልኩን ስትዘጋ ግን የባሰ ከበዳት። ክላይድ ተነግሮት ነበር ማለት ነው። ሰምቶ፣ አስቦ፣ መልስ ሰጥቶበት ነበር።

ከለቀማው በፊት ጥጡ ቅጠሉን እንዲጥል ማርገፊያ ይረጭበታል። ለትሉ ባይሆንም ለዚህ አውሮፕላን ይመጣል። ቢጫ አውሮፕላን ነበር፤ በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ። አሁን ባንዲራ የሚይዝለት አይፈልግም፣ መንገዱን የሚያሳየው መሣሪያ አለው። ቤሪል ድምፁን ስትሰማ የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። ወደ ማሳው ጫፍ ሄዳ ረድፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። ለምን እንደሄደች ብትጠየቅ አታውቅም። እግሯ ነው ያደረሳት።

አብራሪው አይቷት ከሩቅ ክንፉን አዘንብሎ ዞረ። ወዲያው የክላይድ መኪና አቧራ እያስነሳ ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰ።

«ምን ነክቶሻል፣ ቤዝ? ሰው እዚያ ይቆማል እንዴ? መድኃኒት ነው እኮ። ነይ ግቢ።»

«ያኔስ ምን ነበር?»

«ያኔ መቼ?»

«ለፋሲካ ኮሊን ይህችን ልጅ አውጣት ሲልህ።»

ክላይድ በመስኮቱ እንዳንጋጠጠ ቀረ። አንድ ነገር ፊቱ ላይ መጥቶ ሄደ፤ እንደ ትንኝ እፍ አለው። «ኮሊን ሲዋሽ ያረጀ ሰው ነው» አለ። «ግቢ አልኩሽ፣ ሰውየው ነዳጁን እየጨረሰ ነው።»

ገባች።

የመልቀሚያው ማሽን በመጣ ዕለት ሰዉ ሁሉ ማሽኑን ሲከብ ቤሪል መኪናዋን አስነስታ ወደ ወደብ ከተማዋ ወደ ዊንድሃም ነዳች። ልጇን የወለደችው እዚያ ነው። ያኔ የነበረው ሆስፒታል አሁን የለም። ወደ መቃብሩ ቦታ ሄደች። ቀይ ድንጋይና የደረቀ ሣር ነው፤ ከወዲያ ማዶ የጨው ሜዳው ያብረቀርቃል። በመቃብሮቹ መሃል ዞረች። መርከበኞች አሉ፣ ከብት ነጂዎች አሉ፣ ስም የተጻፈላቸው ሕፃናትም አሉ። በአጥሩ ጥግ በኩል ምንም ያልተጻፈበት ገላጣ ቦታ አየች፤ የሰው ይሁን ባዶ መሬት ይሁን አይለይም።

ሣር የሚያጭድ አንድ ሰውዬ ማሽኑን አጥፍቶ ቀረባት። ነጮች ሳይመጡ ጀምሮ ከነበሩት ከጥንቶቹ የአገሩ ሰዎች ወገን ነው፣ ጺሙ የሸበተ።

«ማንን ነው የምትፈልጊው፣ እማማ?»

«ስም አልወጣለትም።»

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ገላጣው ቦታ አየ፣ ወደሷ አየ። «እኛም ቤት አሉ እንደሱ» አላት። ከዚያ ከመኪናው ቀዝቃዛ ውሃ አምጥቶ ሰጣት፤ ጠጥታ እስክትጨርስም አጠገቧ ቆመ። ሌላ ሊያደርግላት የሚችለው ነገር አልነበረም።

እዚያው ልቅር ብላ ነበር። ሻንጣም ይዛ ወጥታለች፤ ጥቂት ልብስ፣ የሐኪም ክኒኖቿ። ግን የት? እህቶቿ አልፈዋል። ኮሊን ጋ ብትሄድ እሱም ያኔ አይቷት ተመልሶ የሄደ ሰው ነው። የምታውቀው አልጋ አንድ ነው። መኪናዋን አዙራ ተመለሰች።

ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ማሳው ግማሹ ተለቅሟል፤ በቢጫ ፕላስቲክ የተጠቀለለ ጥጥ ሜዳው ላይ ተደርድሯል። ክላይድ በረንዳው ላይ ቢራውን ይዞ ተቀምጧል፣ ልብሱ ላይ ጥጥ ተጣብቋል።

«ቀኑን ሙሉ የት ገባሽ? እንዲህ ያለ ቀን ጥለሽኝ።»

«ዊንድሃም።»

ምን ልትሠሪ አላላትም። ጠርሙሱን በጣቱ ሲያዞር ቆየ።

«እዚያ ምንም የለም» አለ። «ፈልጌዋለሁ።»

ቤሪል ቁልፏን በእጇ እንደያዘች ቆመች። «መቼ?»

«ያኔ ነው። አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ። ነርሷን ጠየቅኳት፣ ዘበኛውን ጠየቅኩት። የተቀበረበትን የሚነግረኝ አጣሁ። ከዚያ ራሴ ሄድኩና አጥሩን ዞርኩት። አዲስ የተቆፈረ ባየሁበት ሁሉ ቆምኩ። የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?»

ሃምሳ ዓመት አብራው ኖራ ይህን አልሰማችም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ከሜዳው የማሽኑ ድምፅ ይመጣል። አሁን አንቺ ነሽ ይለኛል ብላ ጠበቀች። አሁን ከተባለ፣ በዚች ሰዓት ከተባለ፣ የሆነ ነገር ሊድን ይችላል ብላ ጠበቀች። እሱ ቢራውን ተጎነጨ። ስለዚህ እሷ ተናገረች።

«ክላይድ፣ ባንዲራውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ኮሊን ነው።»

«አይደለም።»

«ኮሊን ነው፣ ቤሪል» አለ። ቤዝ አላላትም። ዓይኑን ከጥጡ ላይ አላነሳም። «ኮሊን መሆን አለበት።»

ያን ጊዜ ገባት። እየዋሸ አይደለም፣ ዕድሜም አላዘነጋውም። አንድ ቀን፣ ከስንት ዓመት በፊት ይሁን ማን ያውቃል፣ እሷን ከዚያ ማሳ አውጥቶ ወንድሙን አቁሞበታል። በወቅቱ ሊያወጣት ያልቻለውን ሰው በኋላ በሐሳቡ አወጣት። በዚያው መኖር ቻለ። አሁን ያን ብትነቅልበት የሚቆምበት አይኖረውም። ካልነቀለችው ደግሞ እሷ እዚያ ረድፍ ጫፍ ላይ ብቻዋን ናት፣ እንደያኔው። ሁለቱም የሚገቡበት አንድ እውነት አልነበረም።

አላዘነችለትም፣ ቢያንስ ያን ማታ። ደከማት እንጂ። «እሺ» አለችና ድንች ልትጥድ ገባች።

ጥጡ በረጃጅሞቹ ተሳቢዎች ተጭኖ ሄደ። ጥራቱ ተመሰገነ፣ የክላይድ ፎቶግራፍ በአካባቢው ጋዜጣ ወጣ። ከዚህ ሁሉ ማሳ ትል በላው የሚባል ፍሬ አልተገኘም። እሱም የጎረቤቱን መሬት ጨምሮ ሊዘራ ተስማማ፤ ለማን ብሎ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ቤሪል ብራዮኒን ጠርታ ለአተሩ ሌላ ሰው ፈልጊለት አለቻት። ልጅቷ ደንግጣ ታመምሽ እንዴ ብላ ጠየቀቻት፤ ቤሪልም አልታመምኩም፣ ጉልበቴ ነው አለቻት።

ዝናቡ አልፎ መዝሪያው ማሽን ሲወጣ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል አለፈ። ክላይድ ከሾፌሩ ጎን ተጨናንቆ ተቀምጧል፤ ቦታው አይበቃህም ቢሉት አልሰማም። በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ እጁን አወዛወዘላት። ቤሪል ሰሐን እያጠበች ነበር። እጇን ከውሃው አውጥታ አነሳችለት፤ ካላነሳች እሱ ማወዛወዙን እንደማያቆም ታውቃለች።